የአንድ ትሪ ሚዳቋ

ቢላው አመለጠና የሀብተ ሥላሴን አውራ ጣት ጫረው። ጣቱን በሶፍት ጠቅልሎ መክተፉን ቀጠለ።

ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል። በስልኩ ውስጥ ነጭ ኮፍያ ያጠለቀ ፈረንጅ የአጋዘን ሥጋ በአንድ ጉርሻ ልክ ይቆርጣል። የፈረንጁ ቁራጮች ሁሉ እኩል ናቸው። ሀብተ ሥላሴ ወደ ራሱ መክተፊያ ተመለከተ። አንዱ የባቄላ ፍሬ ያክላል፤ አጠገቡ ያለው የጫማ ምላስ ይመስላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ ወርቅዬ በሩ ላይ ቆማ።

«ጉርሻ ነው።»

«ለየትኛው አፍ?»

መክተፊያው ላይ የተጋደመው የሚዳቋ ጭን ነው። ጠዋት ከጎረቤቱ ከሰዒድ የጭነት መኪና በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ወርዷል። ምሳ ላይ ሰዒድና ሚስቱ ሰኢዳ ይመጣሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አዋሽን ለቀው ሰመራ ይገባሉ። ሰኢዳ እዚያ ሥራ አግኝታለች፤ ሰዒድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤቱ አዋሽ ሆነ ሰመራ ለእሱ ያው መንገድ ዳር ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሀብተ ሥላሴ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ከሰዒድ ጋር ከአንድ ትሪ ሥጋ መብላት። ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ አጥር ተጎራብተው ይህን አድርገው አያውቁም።

ሀብተ ሥላሴ አዋሽ ሰባት የገባው ከደብረ ታቦር በዕጣ ተመድቦ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። ሲመጣ ለአንድ ዓመት ብሎ ነበር፤ ወፍራም ጋቢም ይዞ ነበር። ጋቢውን በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ እንዲከልልለት መስኮቱ ላይ ሰቀለው። የዝውውር ማመልከቻውን በየዓመቱ ይጽፍና ሰኔ ሲደርስ ማስገባቱን ይረሳዋል። ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት፣ ላቤ እስኪደርቅ ልጠብቅ ብዬ ነው ይላል።

ስለ ራሱ ሲያወራ ለራሱ አያዳላም። አንድ ጊዜ ዶሮ አረባለሁ ብሎ ጫጩቶች ገዝቶ በሚያዝያ ሙቀት አንድም አልተረፈለትም። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ቆላ የአየር ጠባይ ያስተምር እንደነበር ለሰው የነገረው ራሱ ነው። ሌላ ጊዜ ቤቱን አቀዘቅዛለሁ ብሎ ጣሪያው ላይ እርጥብ አንሶላ አነጠፈ፤ ፍየል ወጥታ በላችው። ማብሰል ይወዳል። ወጥ በሠራ ቁጥር ግን ሰዒድ ከአጥሩ ማዶ «መምህር፣ የሚቃጠለው እኔ ዘንድ ነው አንተ ዘንድ?» እያለ ይጣራል።

ሰዒድ የባቲ ሰው ነው። ከጅቡቲ ማዳበሪያና ስንዴ ጭኖ በገላፊ ኬላ ይገባል፣ ሎጊያ ላይ ያድራል፣ በአዋሽ ያልፋል። ቤት በሚያድርበት ቀን ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ይበላሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሐብሐብ ከአንድ ትሪ በልተዋል። ሥጋ ሲመጣ ትሪው ሁለት ይሆናል። በፋሲካ ሀብተ ሥላሴ ቤት ሰዒድ በእጁ ያረደው ዶሮ ለሰዒድ ቤተሰብ ለብቻው በሌላ ድስት ይሠራል። በአረፋ ደግሞ ሰዒድ ለሀብተ ሥላሴና ለወርቅዬ የሚሆነውን ፍየል የሚያርድ ክርስቲያን ፈልጎ ያመጣል። ክፍሉ አንድ ነው፤ ሳቁም አንድ ነው። ጉርሻ ግን የለም። ሰዒድ ከራሱ ትሪ ጠቅልሎ «እንካ መምህር» ይልና እጁን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ መልሶ ራሱ ይጎርሰዋል። በየበዓሉ የሚደገም ቀልድ ነው። በየበዓሉ ይሳቅበታል።

ባለፈው ዓመት የሀብተ ሥላሴ ትርፍ አንጀት ፈነዳ። አምቡላንስ አልተገኘም። ሰዒድ ተሳቢውን መንገድ ዳር ፈትቶ፣ ሕመምተኛውን ጋቢና ውስጥ አጋድሞ አዳማ አደረሰው። ሐኪሞቹ ቀደው ከሰፉት በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣው ሰዒድ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ይህንንም በቀልድ ነው የሚያወራው፤ ሐኪሙ ገና ጓንት ሳያጠልቅ ጋቢናው ቀዶ ጥገናውን አጋምሶት ነበር ይላል። ከዚያ በኋላ በመጣው ፋሲካ ሰዒድ እጁን ግማሽ መንገድ ላይ ሲያቆም ግን ሀብተ ሥላሴ መሳቅ አልቻለም።

ያን ጊዜ ነው ማሰብ የጀመረው። እሱ ማሰብ ሲጀምር ወርቅዬ ዕቃ ትደብቃለች።

ሐሳቡ ይህ ነበር። ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ብሉ ከተባሉት እንስሳት ጋር በስሟ ተጠርታለች። ሰዒድም ጠይቆ አረጋገጠ፤ በእስልምናም ሐላል ናት። በሬም በግም ፍየልም እንዲሁ ናቸው ብሎ ሰዒድ ተከራከረ። ሀብተ ሥላሴ ለዚህ መልስ ነበረው። ፍየል ባለቤት አላት፤ ባለቤቷም ሃይማኖት አለው። ሚዳቋ ግን የማንም አይደለችም፤ በማንም ግቢ አላደገችም፤ ስለዚህ ሥጋዋ የሁሉም ነው አለ። ሰዒድ ያን ቀን ገላፊ ኬላ ላይ ሲጠብቅ ሰንብቶ የመጣ ስለነበር የሰማው ነገር ሁሉ ልክ ይመስለው ነበር። ይሄማ ያስኬዳል አለ።

ማደን ክልክል እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሀብተ ሥላሴ ይህንን ለተማሪዎቹ ያስተምራል፤ በጥያቄ መልክም በፈተና አውጥቶታል። ጠመንጃም የላቸውም። ሐሳቡ ለወራት የአጥር ላይ ወሬ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ቅዳሜ ማለዳ ስልኩ ጮኸ።

«መምህር፣ ሚዳቋ አለች» አለ ሰዒድ።

«የት?»

«እግሬ ሥር። ፊታችን የነበረ ፒካፕ መታትና ሳይቆም ሄደ። የኋላ እግሮቿ ተሰብረዋል፤ ግን አልሞተችም። ትግሉ ቢላ ይዞ ቆሟል። ማን ይረዳት፣ እኔ ወይስ እሱ?»

ከአዋሽ አርባ ወዲያ፣ የአለደጌ ሜዳ አስፋልቱን በሚነካበት ቦታ ቆመው ነበር። ትግሉ የሰዒድ ረዳት ነው፤ የሸዋ ሮቢት ሰው፣ ክርስቲያን፣ በዕድሜ ከሰዒድ የሚበልጥ። መንጃ ፈቃድ አውጣ ሲሉት፣ እኔ መሪ ከያዝኩ ማን ይተኛል ብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው።

ሀብተ ሥላሴ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ለወራት ያበሰለው ሐሳብ ቀዳዳ እንዳለው የታየው ያኔ ነው። ሚዳቋ ባለቤት አይኖራት ይሆናል፤ ራሷን ግን አታርድም። ሰዒድ ካረዳት የሰዒድ ናት። ትግሉ ካረዳት የሀብተ ሥላሴ ናት። እንዲሁ ከሞተች በክት ናት፤ ለማንም አትሆንም። ሰዒድ በስልኩ ውስጥ ቶሎ በል እያለው ነበር፤ እንስሳዋ ትሠቃያለች።

«ሁለታችሁም ያዙት» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«ምኑን?»

«ቢላውን። እጅ በእጅ ላይ አድርጋችሁ። አንተ ቢስሚላህ በል፣ እሱ በስመ አብ ይበል። እኩል ጀምራችሁ እኩል ጨርሱ።»

ከወዲያ ሰዒድና ትግሉ ሲመካከሩ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሰዒድ ተመለሰ።

«ወዴት እናዙራት? ትግሉ ወደ ምሥራቅ ይላል። ቂብላው ደግሞ ከዚህ ወደ ሰሜን ነው።»

ሀብተ ሥላሴ ይህንን ሲያወራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያርፋል። በማስተማር ዘመኑ ከክፍል ውጭ ጂኦግራፊ የተጠየቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና መለሰ።

«ሰሜን ምሥራቅ አዙሯት።»

እንዳለው አደረጉ። ትግሉ በኋላ እንደተናገረው ችግሩ የጸሎቱ ርዝመት ነበር። ሰዒድ የራሱን ብሎ ጨርሶ ቢላውን እንደያዘ ይጠብቃል፤ ትግሉ ገና መንፈስ ቅዱስ ጋ አልደረሰም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስፋልት ዳር ጎንበስ ብለው በአንድ ቢላ ላይ ሲተሻሹ ያየ አንድ የቦቴ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ አያቸውና ምንም ሳይጠይቅ ነድቶ ሄደ።

ወርቅዬ ሥጋውን ስታየው መጀመሪያ በሩን ዘጋች። የዱር እንስሳ ሥጋ ቤት ውስጥ መገኘቱ እንደሚያስጠይቅ ነገረችው። መኪና የገጫት እንደሆነች ነገራት። እሱንም ቢሆን ሪፖርት ማድረግ ነበረባችሁ አለች። ልክ ነበረች። ከዚያ ጠየቀች፤ ማን አረዳት?

«ትግሉ» አለ ሀብተ ሥላሴ።

ይህ ውሸት አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ ሰኢዳም ይህንኑ ጥያቄ ሰዒድን ጠይቃዋለች። ሰዒድ እኔ ብሎ መለሰ። እሱም አልዋሸም።

እነሆ ሀብተ ሥላሴ ወጥ ቤት ነው። ቢላው አዲስ ነው። መክተፊያውም መጥበሻውም አዲስ ናቸው። የወርቅዬ መጥበሻ ለዓመታት የክርስቲያን ሥጋ የጠበሰ ስለሆነ ሰኢዳን ያስቀይማል ብሎ ሱቅ እንደተከፈተ ሄዶ ሁሉንም ገዛ። መጥበሻው ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ማንሳት ረሳ። እሳት ላይ ሲጣደው ቤቱ የተቃጠለ ማስቲካ ሸተተ።

«መምህር!» አለ ሰዒድ ከአጥሩ ማዶ።

«አውቃለሁ» አለ ሀብተ ሥላሴ።

ፈረንጁ ሥጋውን በቀይ ወይን ዘፈዘፈ። ወይን ለሰዒድ አይሆንም። ሀብተ ሥላሴ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ዘፈዘፈው። ፈረንጁ እያንዳንዱን ቁራጭ በስስ የአሳማ ሥጋ ጠቀለለ። ሀብተ ሥላሴ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረው። ይህኛውስ እንኳን ለሰዒድ ለእሱም አይሆንም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩን መለሰና ሥጋውን በቃሪያ ውስጥ መወተፍ ጀመረ። ፈረንጁ እንደ ሻገተ የሚታይ አይብ ከላይ ፈረፈረበት። ሀብተ ሥላሴ የቤቱን አይብ አደረገበት፤ ቀለጠና ወደ መጥበሻው ሥር ወርዶ እዚያው አረረ።

ሦስት ዓይነት ነበር ያሰበው። አንዱ በቃሪያ የተወተፈ። አንዱ ከቀይ ሽንኩርት ጋር በስቴኪኒ የተሰካ። ሦስተኛው ደቆ ከሚጥሚጣና ከቅቤ ጋር ታሽቶ የተድቦለቦለ። ሁሉም አንድ አንድ ጉርሻ ናቸው። ትልቅ ሥጋ ቆርሶ መብላት ለራስ ነው፤ አንድ ጉርሻ ግን ለሰው ይሰጣል ብሎ ለወርቅዬ አስረዳት። ወርቅዬ ሰማችውና ወጥታ ከሰል አቀጣጠለች፤ ሽሮም ጣደች። ለማን ነው ሲላት ለማንኛውም አለችው።

የሚዳቋ ሥጋ ስብ የለውም። ፈረንጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ቶሎ አውጡት ሲል ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋል። ሀብተ ሥላሴ ግን ውስጡ ቀይ ሆኖ ሲያየው ልቡ አላመነውም፤ መልሶ ጣደው። እንደገና አየው፤ እንደገና ጣደው። በስቴኪኒ የተሰኩት እየጠነከሩ ሄዱ። አንዷን መሬት ሲጥላት ነጥራ ከምድጃው ሥር ገባች። ቅቤ ጨመረ፣ አዋዜ ጨመረ፣ ክዳን ከድኖ ጠበቀ። ቃሪያዎቹ ተረፉ። ድብልብሎቹ ደግሞ፣ እሱ ራሱ እንዳመነው፣ ሳያስበው ጥሩ ሆኑ።

ትግሉ ታጥቦ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቅመስ አለው። ቀመሰ። ሌላ ቀመሰ። ከእያንዳንዱ ዓይነት እየደጋገመ ቀመሰና ጨው ትንሽ ይቀረዋል አለ። ጨው ተጨመረ። እንደገና ቀመሰ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ቲቸር፣ ድብልብሉ እንኳን ለምሳ ለሠርግ ይሆናል» አለ ትግሉ። «የተሰካው ግን ጥርስ ላለው ነው።»

ሰዒድና ሰኢዳ ሐብሐብ ይዘው መጡ። ሰኢዳ አዲሱን ሥራ ካገኘች ወዲህ ደስ ብሏት ነበር፤ መለየቱ ግን ያሳዝናት ነበር። ወርቅዬን አቅፋ ሰመራ ሙቀቱ ከዚህ ይብሳል አሉ አለቻት። ወርቅዬ ታዲያ ምን ይሻላችኋል አለች። የሚሻለውስ አለመሄድ ነበር ተባባሉ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ሀብተ ሥላሴ ትልቁን ትሪ ይዞ ገባ።

እንጀራው ላይ ጉርሻዎቹን በረድፍ ደርድሯቸዋል። የቃሪያው ረድፍ፣ የስቴኪኒው ረድፍ፣ የድብልብሉ ረድፍ። ከሩቅ ሲታይ የሰልፍ ሜዳ ይመስል ነበር። ትሪው አንድ ብቻ መሆኑን ሁለቱ ሴቶች እኩል አስተዋሉ። ሰኢዳ ወርቅዬን አየች፤ ወርቅዬ ሰኢዳን አየች።

«ማሻአላህ» አለች ሰኢዳ። እጇን ዘረጋችና አየር ላይ አቆመችው። «ወርቅዬ፣ እናንተ ግን ምን ልትበሉ ነው? ሰዒድ አይደል ያረደው?»

«ሰዒድ?» አለች ወርቅዬ። «ሀብቴማ ትግሉ አረዳት ነው ያለኝ። እኔም እናንተ ምን ልትበሉ ነው እያልኩ ነበር።»

ሰዒድ ቬንትሌተሩን ማየት ጀመረ። ሀብተ ሥላሴ ጨው አመጣለሁ ብሎ ሊነሣ ሲል ትግሉ ከጥግ ተናገረ።

«ሁለታችንም ነን።»

ሀብተ ሥላሴ ማስረዳት ግዴታው እንደሆነ ተሰማው። ቆሞ አስረዳ። ስለ ባለቤት አልባ እንስሳ፣ ስለ ዘዳግም፣ ስለ አንዱ ቢላና ስለ ሁለቱ እጆች ተናገረ። ሰሜን ምሥራቅ ላይ ሲደርስ በእጁ አቅጣጫውን አሳየ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንደሚያደርገው ጥያቄ ያለው አለ ብሎ ሊጨርስ ነበር፤ የሰኢዳን ፊት አይቶ ተወው።

«ወርቅዬ፣ እህቴ፣ አንቺ ትበያለሽ?» አለች ሰኢዳ።

«ቢስሚላህ የተባለበትን እኔ እንዴት እበላለሁ? አንቺስ?»

«እኔስ በስመ አብ የተባለበትን?»

ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። አልተቆጡም። «ሚዳቋዋን ለሁለቱም ትሆናለች ብለው አስበው ለሁለቱም እንዳትሆን አደረጓት» አለች ሰኢዳ፤ የተናገረችውም ለወርቅዬ ነበር፤ ባሎቻቸው ክፍሉ ውስጥ የሌሉ ያህል።

ትግሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ወጥ ቤት የቀመስኩት ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሀብተ ሥላሴ ግን ተቀመጠ። እልህ ያዘው። ሴቶቹ ይተዉት፤ እኔና ሰዒድ እንበላለን አለ። እኛ አስበን ያደረግነው ነው፤ ኃጢአቱም የእኛው ነው አለ። ሰዒድ አየውና እሺ አለ። እጅጌውን ሰበሰበ። ሀብተ ሥላሴ ከድብልብሎቹ የተሻለውን መርጦ በእንጀራ ጠቀለለ። ሰዒድም ከቃሪያው አንዱን አንስቶ ጠቀለለ። ሁለቱም እኩል እጃቸውን ዘረጉ።

የሀብተ ሥላሴ ጉርሻ የሰዒድ ከንፈር ፊት ደርሶ ቆመ። የሰዒድ ጉርሻ የሀብተ ሥላሴ ከንፈር ፊት ደርሶ ቆመ። የዛሬው የግማሽ መንገድ ቀልድ አልነበረም፤ እጆቹ መንገዱን ጨርሰው ነበር። የተቀረው አፍ መክፈት ብቻ ነው።

ሀብተ ሥላሴ አፉን ሊከፍት ሞከረ። የቅቤውና የሚጥሚጣው ሽታ አፍንጫው ሥር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላም። መንጋጋው አልታዘዘውም። ልጅ እያለ በክት የበላ ሰው ብለው ሲናገሩ የሰማው ሁሉ ጥርሱ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ሰዒድ ይከፍት እንደሆነ አየው፤ እሱ ከከፈተ እኔም እከፍታለሁ ብሎ አሰበ። የሰዒድ ከንፈር ገጥሟል። ዓይኖቹ ሀብተ ሥላሴ ላይ ናቸው። እሱም ያንኑ እየጠበቀ ነበር።

ቅቤው በሀብተ ሥላሴ አንጓ ላይ ወደ ክርኑ ወረደ።

«ሀብቴ» አለ ሰዒድ፤ ሌላ ጊዜ መምህር ነው የሚለው። «እጅህን አውርድ። ይደክምሃል።»

«አንተ መጀመሪያ አውርድ።»

«እሺ፣ እኩል እናውርድ።»

እኩል አወረዱ። ጉርሻዎቹን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጧቸው። ሀብተ ሥላሴ እጁን በሶፍት ሲጠርግ ብዙ ቆየ። ሰዒድ አጠገቡ ሆኖ፣ አጥሚቱን የሰጠሁህ ቀን እንኳን ይህን ያህል አልከበደህም አለው። አጥሚት አይታረድማ አለ ሀብተ ሥላሴ። ሰዒድ ትከሻውን ያዘው፤ ያዘውና ለጥቂት ጊዜ አለቀቀውም።

ወርቅዬ ተነሥታ ትሪውን አወጣች። ሽሮውን በሌላ ትሪ ይዛ ገባች። ሁሉም በሉ። ሰዒድ መጀመሪያ ያነሣውን ጉርሻ ለሀብተ ሥላሴ ሰጠው፤ ጎረሰ። ሰኢዳ ሽሮው ግሩም ነው አለች። ወርቅዬ ይህን ሽሮ የጣድኩት ባሌን ስለማውቀው ነው አለች፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸውም ቶሎ አልቆመም። ወደ መጨረሻው ሀብተ ሥላሴም አብሮ ሳቀ። ስለ ሰሜን ምሥራቅ አንዴ ድገመው አሉት፤ ደገመው፤ በእጁም አሳየ።

ሥጋውን የጎረቤት ውሻ እንዳይጎትተውና ወሬ እንዳይወጣ ትግሉ በባልዲ ይዞ ወደ አዋሽ ገደል ወስዶ ጣለው። ጅቦች እንደበሉት ይገመታል። በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ የቀመሰውን ተናገረ። ስንት ጊዜ ቀመስክ ሲሉት፣ ጨው እስኪስተካከል ድረስ አለ። ጾምና ስግደት ሰጡት። ጾሙን ጾመ፤ ስግደቱን ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ በገንዘብ ይለወጥልኝ ቢል አልሰሙትም።

ሀብተ ሥላሴ ታሪኩን ለመምህራን ያወራው ራሱ ነው። ቅዳሜ የሆነውን ሰኞ ዕረፍት ሰዓት ላይ ሁሉም ያውቁት ነበር። እስካሁን አንዳንዱ ባልደረባ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጠቁመዋል። አዲሱን መጥበሻ ወርቅዬ አልፈለገችውም፤ ሰኢዳም ለማስታወሻ ውሰጂው ስትባል ይቅርብኝ አለች። ግቢ ውስጥ የውሻ ውሃ መጠጫ ሆነ።

ሰዒድና ሰኢዳ ዕቃቸውን በዚያው የጭነት መኪና ጭነው ሰመራ ገቡ። አልጋውን ያወጡት ሀብተ ሥላሴና ትግሉ ናቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ አልጋው በየት በኩል እንደሚዞር ሀብተ ሥላሴ አስተያየት ሊሰጥ ሲጀምር ሰዒድ እባክህ አለው።

በመስከረም ሀብተ ሥላሴና ወርቅዬ ሊጠይቋቸው ሰመራ ሄዱ። ሰኢዳ ከተንዳሆ ግድብ የወጣ ዓሣ ጠብሳ አቀረበች። ዓሣ ስለማይታረድ አራቱም ከአንድ ትሪ በሉ።